የደመና ክለብ ዋስ

ከእህል በረንዳው ዝቅ ብሎ ልጆች ኳስ የሚያዩበት አንድ የቆርቆሮ ቤት አለ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎራ እላለሁ። ለኳሱ ብቻ ነው ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ለሙቀቱም ነው። ያ ሁሉ ጎረምሳ አንድ ክፍል ውስጥ ሲታጨቅ የደብረ ታቦር ብርድ ደጅ ይቀራል፣ እኔም ጋቢዬን አውልቄ ጉልበቴ ላይ አደርገዋለሁ። አንድ ቅዳሜ ታዲያ ጨዋታው ገና ሳይጀመር ልጆቹ ተጯጯሁ። ባሕር ማዶ ያለው ክለባቸው ዕዳ ተቆልሎበት፣ አስፈረምኩት ብሎ ያስጨበጨበለትን ኮከብ ማስመዝገብ አልቻለም አሉ። "የሌሎቹን ደሞዝ ቀንሰው ለሱ ሊከፍሉ ነው እኮ" አለ ከጎኔ የተቀመጠው ልጅ። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዷል፤ እንደዚያው ሆኖ ነው የተገዛው። ሳቅ አመለጠኝ። "ጋሼ ምን አሳቀዎት?" አለኝ። "ይኼ በሽታ እኛንም ይዞን ነበር" አልኩት። "የትኛውን ክለብ?" "ደመናን።" ሰምቶ አያውቅም። ከየት ይሰማል፤ ያኔ እናቱም ልጅ ነበረች።

ሳቄ ግን ቶሎ ደረቀ። ደመና በተነሳ ቁጥር እኔን ትዝ የሚለኝ ጎል አይደለም። ትዝ የሚለኝ ይፋግ አጠገብ፣ አንድ ገበሬ ደጃፍ ቆሜ የሰጠሁት ቃል ነው። የዚያን ቀን እስከ እረፍት እንኳ አልቆየሁም፤ ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ።

ጊዜው ሻይ በስሙኒ የሚጠጣበት ነበር። እኔ ጂኦግራፊ የማስተምር፣ ጸጉሬ ጆሮዬን የሚሸፍን፣ ከታች የሚሰፋ ሱሪ የምለብስ ሰው ነበርኩ። የሰፋልኝ ልብስ ሰፊ "ከአንተ ሱሪ እግር ለሁለት ልጅ ቁምጣ ይወጣል" እያለ ይቀልድብኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ቀልዱን እንደ ሙገሳ ነበር የምቆጥረው። መናኸሪያው ፊት ለፊት አንድ ካሴት ቤት ነበር። ባለቤቱ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮ አንድ ትዝታ ከጧት እስከ ማታ ይደጋግማል፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ ይቀጥላል፣ ባትሪው ሲደክም ዘፋኙ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ይጎተታል። ቆመን እንሰማለን፤ ካሴቱን ግን የሚገዛ የለም። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል፣ ምድር ቤቱ ባንክ ነው። ጡረታዬን ለመቀበል ስሰለፍ አንዳንዴ ያ ዘፈን ይመጣብኛል፤ ወረፋው ረጅም ስለሆነ እስከ መጨረሻው ድረስ በልቤ እዘፍነዋለሁ።

የክለባችን ማልያ ሲገዛ ነጭ ነበር። አንድ ክረምት ጭቃና ዝናብ ሲፈራረቁበት አመድማ ሆነና ደጋፊው "ደመና" አለው፤ ስሙ እንደዚያው ጸና። እኔ የክለቡ ጸሐፊ ነበርኩ፣ ሊቀ መንበሩ ደግሞ አለልኝ የሚባል፣ ቅንድቡ ዘወትር ዱቄት የነካው ባለ ወፍጮ ቤት ነው። ዕዳ ያልነበረብን ለማን እንደሆነ ባስታውስ ይቀለኛል። ለባለ አውቶቡሱ አለብን፣ ለልብስ ሰፊው አለብን፣ ኳስ በዱቤ ለሰጠን ሱቅ አለብን። ለእግዜርም ቢሆን የተሳልነው ስለት ነበረብን። ከሁሉ የሚብሰው ግን የእትዬ ዘውዲቱ ነበር። እትዬ ዘውዲቱ ከመናኸሪያው ጀርባ ምግብ ቤት ያላት፣ ድምፀ ጎርናና፣ ልጅ ያልወለደች ሴት ናት። አሥራ ስምንቱን ተጫዋቾች ምሳና ራት ታበላቸዋለች፤ "የኔ ልጆች" ነው የምትላቸው። የአራት ወር ሒሳብ አልከፈልናትም ነበር። ደጋፊው ይኼን ሲሰማ አፈረና ለእሷ ብሎ አዋጣ፤ ገበሬው በግ ሽጦ፣ መምህሩ ከደሞዙ ቆርጦ ሺህ አምስት መቶ ብር ሞላ። ብሩ እኔ ቤት፣ በጠመኔ ካርቶን ውስጥ ተቀመጠ።

በዚያው ሰሞን ነው ማንደፍሮ ከሚጫወትበት ክለብ ጋር ተጣልቶ ወደ አባቱ ቤት ገባ የሚል ወሬ የመጣው። ማንደፍሮ በባሕር ዳርም በጎንደርም ስሙ የገነነ አጥቂ ነበር። ስለ ግራ እግሩ ያልተወራ ነገር የለም፤ አንድ ዘበኛ ኳሱ መረቡን ቀዶ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ ብሎ ሲምል ሰምቻለሁ። ሰውዬው በዚያ ቀን ሥራ ላይ እንደነበረ ግን እናውቃለን። አለልኝ የዚያኑ ቀን ቤቴ መጣ።

"አዳነ፣ ይኼን ብር ለሽሮ ብንከፍለው ሽሮ ሆኖ ይቀራል" አለኝ። "ማንደፍሮ ከመጣ ሜዳው ይሞላል። በሁለት ጨዋታ ትኬት ለእትዬ ዘውዲቱ እጥፉን እንሰጣታለን።"

"እስከዚያ ልጆቹ ምን ይበላሉ?"

"እሷ እንደሆነ አንጀቷ አይችልም፣ አትከለክላቸውም።"

ካርቶኑን አወጣሁ። ጥፋቱን ለአለልኝ ብቻ አልሰጥም፤ ያንን ግራ እግር በደመና ማልያ ላየው እኔም ጓጉቼ ነበር። በማግስቱ እትዬ ዘውዲቱን መንገድ ላይ አገኘኋትና "ብሩ ገና አልተሰበሰበም" አልኳት። "ምን ቸገረኝ፣ ሲሰበሰብ ታመጣዋለህ" ብላኝ አለፈች።

በእኛ አገር ልጅ ከአባቱ ቤት የሚወጣው በሽማግሌ ነው። ስለዚህ ለአማጭነት የሚታወቁትን ቄስ፣ አባ ጥበቡን ይዘን፣ አለልኝና እኔ ወደ ይፋግ ወረድን። አባ ጥበቡ ኳስ ምን እንደሆነ የሚያውቁት የቤታቸውን መስኮት ሰብሮ ስለገባ ብቻ ነው። ደጃፍ ላይ ቆመን ከተጠራን በኋላ ጥምጣማቸውን አስተካክለው፣ "አያ ውበቱ፣ ልጅዎን ለልጃችን ብለን" ብለው ጀመሩ። አለልኝ ሳል አለ። "ለክለባችን ብለን" አሉ ቀጥለው።

የማንደፍሮ አባት አያ ውበቱ አልሳቁም። ረጅም፣ ፊታቸው የፎገራ ፀሐይ ያከሰለው ሰው ናቸው። "ለሴት ልጅም ጥሎሽ አለ" አሉ። "ወንድ ልጅ ስትወስዱ ደግሞ የእርሻ እጅ ነው የምትወስዱብኝ።" በጣታቸው በረቱን አሳዩን፤ አንድ በሬ ብቻ ነበር። ከጎረቤታቸው ከአያ ጫኔ በሬ ጋር እያቀናጁ ነው የሚያርሱት፤ አንድ ቀን ለእሳቸው፣ አንድ ቀን ለጎረቤት። ዝናብ ሲቸኩል ደግሞ የጎረቤት ቀን ይቀድማል። "ሦስት ሺህ ብር" አሉ። "ግማሹን ዛሬ ለልጁ በእጁ ስጡት፣ ላቡ ነው። ግማሹ ለፋሲካ ለኔ ይሁን፤ በሬ እገዛበታለሁ።" ያን ጊዜ አንድ ደህና የእርሻ በሬ በዚያ ብር ይገዛ ነበር። እኛም ሳናቅማማ እሺ አልን፤ የሌለው ሰው መስማማት ይቀናዋል።

"ዋሳችሁ ማነው?"

"ማኅተም ያለበት ወረቀት እንሰጥዎታለን" አለ አለልኝ።

"ወረቀት በደጄ ሲያልፍ ባየው አላውቀው። ሰው ስጠኝ።"

አባ ጥበቡ ክህነታቸው ዋስ መሆን እንደማይፈቅድላቸው ተናገሩ። አያ ውበቱ ወደ አለልኝ ዞሩና "አንተ እንኳ ይቅርብህ፣ የይፋግ እህል ነጋዴ ሁሉ ስምህን በዕዳ ያነሳል" አሉት። ከዚያ እኔን አዩኝ። "ይኼ ዝም ያለውስ?"

"መምህር ነው።"

"እሱ ይሁነኝ። ዝም ያለ ሰው ሲናገር ያውቅበታል።"

ዝም ያልኩት ግን አዋቂ ሆኜ አልነበረም፤ የጠመኔው ካርቶን ትዝ ብሎኝ ነው። "ዋስ ነኝ" አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ዋስ የሆነ ሰው ቀኑ ደርሶ ባይሞላለት በእኛ ዘንድ ነውር የለበትም። በእግሩ ሄዶ ደጃፍ ላይ ቆሞ "አልሞላልኝም፣ ቀን ይስጡኝ" ይላል፣ ቀን ይሰጠዋል። ነውሩ መቅረት ነው። ይኼን ልጅ ሆኜም አውቀዋለሁ።

ማንደፍሮ ሽንኩርት በጫነ መኪና ላይ ተቀምጦ መጣ። በመጀመሪያው ጨዋታ ሁለት አገባ። ሕዝቡ ጎርፎ ነበር፤ ግን ከሜዳው በላይ ያለው ተረተር ከሜዳው ይልቅ ስለሚመች ግማሹ እዚያ ላይ ተቀምጦ በነፃ አየ። እኔ የትኬት ሣጥኑን ስከፍት ተረተሩን ቀና ብዬ አየሁት። ያ ሁሉ ጋቢ፣ ያ ሁሉ ቡሉኮ፣ ያ ሁሉ ጭብጨባ አንድ ሳንቲም አልነበረውም። ዛሬም በዚያ ሳልፍ ተረተሩን መገላመጥ አልተውኩም።

በማግስቱ ምሳ ላይ እትዬ ዘውዲቱ ማንደፍሮ ፊት ሽሮውን አቀረበችና ክንዷን አጣምራ ቆመች። "ብላ ልጄ። ከነገ ወዲያ ግን የለም" አለችው። ምነው ሲላት፣ "ለነዚህ ልጆች ምግብ የተዋጣው ገንዘብ አንተ ኪስ ገብቷል አሉኝ። አንተን አልቀየምም። የምቀየመው ያንን መምህር ነው፤ አልተሰበሰበም ብሎኛል።" እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ዞራ አየችኝ። "ለአንድ ሰው እግር ብላችሁ የአሥራ ስምንት ልጅ ሆድ ሸጣችሁ" አለች፤ ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። ልጆቹ አቀርቅረው ይበሉ ነበር፤ ቀና ብለው እኔን አለማየታቸው ነው እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ። ማንደፍሮ እጁን ታጥቦ ተነሳ፣ አልበላም። በማግስቱ ጧት ብሩን በመሐረብ እንደተቋጠረ ይዞ መጥቶ "እትዬ፣ ቁጠሪው" አላት። ከላዩ አንዲት ብር አላነሳም ነበር። ሲወጣ እኔ ዘንድ ቆመ። "ጋሽ አዳነ፣ የአባቴን ግን አደራ።"

አደራውን የምንወጣበት አንድ ትልቅ ጨዋታ ቀርቶን ነበር። ከባሕር ዳር የሚመጣ ቡድን ነው፤ አለልኝ ተረተሩን በጠባቂ አስከበበ፣ የዚያን ቀን ሰው ሁሉ ከፍሎ ገባ። የበሬው ብር ሣጥኑ ውስጥ ነበር፤ እጄን አስገብቼ ነክቼዋለሁ። ጨዋታው ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ከጉና በኩል ጉም ወረደ። መጀመሪያ የወዲያኛው ጎል ጠፋ፣ ቀጥሎ ሜዳው፣ ቀጥሎ ከፊቴ የቆመው ሰው። ከጉሙ ውስጥ ፊሽካ ይሰማል፣ አንድ ሰው "ገባ" ይላል፣ ሌላው "የት?" ይላል። ዳኛው አቋረጠው። ሕዝቡ "ያየነው ነገር የለም፣ ገንዘባችንን" ብሎ መጣ። እውነቱን ነው፣ ምንም አላየም። መለስን። ያልከፈለውም ሰው ተሰልፎ የተቀበለ ይመስለኛል፤ በዚያ ጉም ማን ማንን ያያል። ስማችን ደመና ሆኖ በደመና መሞታችን ለከተማው የአንድ ዓመት ሳቅ ሆነ፤ እኔም አብሬ ስቄያለሁ፤ ሌላ ምን ላደርግ።

ክለቡ ፋሲካን አልደረሰም። አለልኝ ወፍጮውን ሸጦ ወደ መተማ ሄደ፣ ልጆቹ ተበተኑ፣ ማንደፍሮ በመጣበት መንገድ ባዶ እጁን ወረደ። እኔም መሄድ ነበረብኝ፤ አልሄድኩም። በመጀመሪያው ዓመት ልሂድ ብዬ ስድስት መቶ ብር አጠራቅሜ ነበር፤ ልጄ ታመመችና በላነው። በሌላው ዓመት እንደገና ጀመርኩ፣ እንደገና በላሁት። ቀን ልለምን ብሄድ እንኳ በቂ ነበር፤ ግን የቀረ ሰው በቀረ ቁጥር መንገዱ ይረዝምበታል። ለፈተና እርማትም ሆነ ከባለቤቴ ጋር ለዘመድ ጥየቃ ወደ ጎንደር ስንሄድ አውቶቡሱ ይፋግን ሲያልፍ ብርድ የያዘኝ መስዬ ጋቢዬን እከናነብ ነበር። ይፋግ ደግሞ ለእኛ ለደገኞቹ ቆላ ነው፤ በዚያ ሙቀት ጋቢ የሚከናነብ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ከዓመታት በኋላ አያ ውበቱ አረፉ ሲሉኝ ለቅሶም አልደረስኩ። ሰው "ዋሱ መጣ" እንዳይል ፈራሁ።

ያን ቅዳሜ ከኳስ ቤቱ ወጥቼ በማግስቱ ሺህ አምስት መቶ ብር በፖስታ አደረግሁ። መንገዱ ሰላም ነው የተባለበትን ቀን ጠብቄ ወረድኩ። ወረታ ላይ መኪና ስቀይር አንዲት ሴት ዶሮ ይዛ ቆማ ነበር፤ ዋጋውን ስሰማ የያዝኩት ብር ሁለት ዶሮ እንኳ እንደማይገዛ ገባኝ። ገንዘቡ በረከሰ ቁጥር ዕዳው ከብዶ ነበር፤ እኔ ግን እንዳቆየሁት የሚጠብቀኝ መስሎኝ ነበር።

ማንደፍሮ ሸብቷል፣ ግራ ጉልበቱ አይታጠፍም። ደጃፉ ላይ ቆሜ ገና ስሜን ሳልናገር "ጋሽ አዳነ?" አለኝ። "ምን ደጅ ያስቆምዎታል፣ ይግቡ እንጂ።" ገብቼ ተቀመጥኩ። ለዘመናት ሳጠናው የኖርኩትን ተናገርኩ። "ማንደፍሮ፣ አልሞላልኝም፣ ቀን ይስጡኝ ልል ነው የመጣሁ። የምለምናቸው ሰው ግን የሉም።"

ግራ እግሩን ዘርግቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ከዚያ፣ "አባቴ አንቱን በክፉ አንስቶ አያውቅም" አለኝ። "ሰው 'ውበቱ፣ እስከ መቼ ከጎረቤት ተቀናጅተህ?' ሲለው 'አንዱ በሬዬ ደብረ ታቦር ነው፣ ዋስ አለው' ይል ነበር።"

"እስከ መቼ ድረስ እንዲህ አሉ?"

"እስኪሞት።"

አለቀስኩ። በዚህ ዕድሜዬ ሰው ቤት ተቀምጬ አለቀስኩ። ፖስታውን ከኪሴ አላወጣሁትም። ስወጣ በረቱን አየሁ፤ ዛሬም አንድ በሬ ነው ያለው። ማንደፍሮ የሚያርሰው ከአያ ጫኔ ልጅ ጋር ተቀናጅቶ ነው።

ቤቴ ስገባ ለባለቤቴ ለጥሩወርቅ ሁሉንም ነገርኳት። ከቤታችን ኋላ አንድ መደብ ባሕር ዛፍ አለን፤ እሱን ሽጠን የሚያፈሰውን ጣሪያ ልናስቀይር ተስማምተን ነበር። እንዴት ብዬ እንደምጠይቃት ሳሰላስል እሷ ቀደመችኝ። "ጣሪያው ዛሬም ያፈሳል፣ ከርሞም ያፈሳል። ዛፉን ሽጠው" አለች። "ምን ያህል እንደሚያስጨንቀኝ በምን አወቅሽ?" ስላት፣ "አብሬህ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ ስትከናነብ የማላይ መስሎህ ነበር?" አለችኝ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ነው፤ አንድ ቀን ተናግራኝ አታውቅም።

ዛፉ አልበቃም፤ ሬዲዮኔንና አንድ መደርደሪያ ሸጬ ጨመርኩበት። በደብረ ታቦር የከብት ገበያ ጉና ሥር ያደገ ቀይ በሬ መረጥኩ፤ አንገቱ ወፍራም፣ ጠባዩ ዝግ ያለ። በጭነት መኪና አሳፍሬ እኔ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጥኩ። ይፋግን ስንደርስ ጋቢዬን አጥፌ ጭኔ ላይ አደረግሁት፣ በመስኮቱም አንገቴን አወጣሁ። ማንም አላወቀኝም። ለካ ማንም አይፈልገኝም ነበር።

በሬውን ስናወርድ ማንደፍሮ ገመዱን ተቀብሎኝ የበሬውን ግንባር በእጁ ደባበሰ። አያ ጫኔ ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። አርጅተዋል፣ ዓይናቸው አያይም፤ የበሬውን ኮቴ ግን ሰሙ።

"የማን በሬ ነው?" አሉ።

"የአባቴ ነው" አለ ማንደፍሮ። "ደብረ ታቦር ከርሞ መጣ።"

አያ ጫኔ በትራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። እየዳበሱ መጥተው ቀንዱን ያዙት፣ አንገቱን ዳሰሱት፣ ሻኛውን ጨበጥ አደረጉት።

"ቆየሳ" አሉ።